ዶሮዎቼን ከአንጀት ትል ያዳንኩበት መንገድ

ሐምሌ ላይ ዶሮዎቼ ጥሬውን እየለቀሙ ከሱ፤ እንቁላልም ቀነሱ። አንዷን ባነሣት የደረቷ አጥንት እንደ ቢላዋ ስለት መዳፌን ወጋኝ። ስትታረድ አንጀቷ ፓስታ በመሰሉ ነጫጭ ትሎች ተጠቅጥቋል።

የእንስሳት ሐኪሙ በሚጠጡት ውኃ የሚበጠበጥ ፓይፐራዚን አዘዘልኝ። አንድ ጊዜ ሰጥቼ ተውኩት፤ ተመለሰባቸው። ለካ መድኃኒቱ የጎለመሰውን ትል እንጂ በአንጀት ግድግዳ የተሸሸገውን እጭ በደንብ አይገድልም! በ14ኛው ቀን ደገምኩት፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድም እንቁላላቸውን አልበላንም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ማድረቁ ነው። የባሕር ዳሩ ግቢያችን ለጣና ቅርብ ስለሆነ ክረምቱን ሙሉ ምድሩ አይደርቅም፤ የትሉ እንቁላል ደግሞ እርጥብ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል። ጉዝጓዙን በየሳምንቱ እየጠረግሁ በደረቅ ጭድ ተካሁ፤ መኖውን ከመሬት አንሥቼ በገንዳ አደረግሁ፤ ጫጩቶቹን ከትልልቆቹ ለየሁ። ጥቅምት ላይ ሁሉም መጣል ጀመሩ።