ጀልባ ላይ ሞተር እንዳይፈላ፦ የባሕር ውሃ ፓምፕ ኢምፔለር አቀያየር

መኪና ከፈላ ዳር ይዞ መቆም ነው። ኮፈን ይከፈታል፣ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ይጠጣል። ባሕር መሃል ግን ዳር የሚባል ነገር የለም።

ያት (የመዝናኛ ጀልባ) ላይ ያለ የናፍጣ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሥራ በዝቶበት አይደለም። ቆሞ ከርሞ ድንገት ሲነሳ ነው። ከሁሉም ቀድማ የምትጎዳው ደግሞ መዳፍ የማትሞላ ባለ ክንፍ ጎማ ናት፤ ፓምፕ ውስጥ እየዞረች የባሕር ውሃ ትስባለች፣ ኢምፔለር ትባላለች።

ሞተሩ ሁለት ዓይነት ውሃ አለው። አንዱ እንደ መኪና ውስጡ የሚዞር ነው። ሌላው ከባሕር ይሳባል። ሁለቱ ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚያልፉበት ማቀዝቀዣ አለ፤ የራዲያተርን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ከዚያ የባሕሩ ውሃ ከጭሱ ጋር ተደባልቆ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ስለዚህ ሞተር ባስነሳችሁ ቁጥር መጀመሪያ ጭስ ማውጫውን እዩ። ውሃ እየተፋ ከሆነ ደህና ነው። ድምፁ ደርቆ እንፋሎት ብቻ ከወጣ ወዲያው አጥፉ። ኢምፔለር ውሃ ሳታገኝ ከዞረች ደቂቃ እንኳ ላትቆይ ትችላለች።

ወደ ሥራው እንግባ። ሞተሩ ይቀዝቀዝ። ከጀልባዋ ሆድ ውሃ የሚያስገባውን ባልቦላ ዝጉ፣ የሞተሩን ቁልፍ እዚያው እጀታው ላይ አንጠልጥሉት። ባልቦላው ተዘግቶ ሞተር የሚያስነሳ ሰው በየወደቡ አለ፤ ቁልፉ እዚያ ከተንጠለጠለ ግን መርሳት አይቻልም። ቀጥሎ የባሕር ውሃውን ማጣሪያ ክፈቱ። አንዳንዴ ጥፋተኛው ፌስታል ወይም የባሕር ሣር ብቻ ይሆናል፤ ያኔ ፓምፑን መፍታት ላያስፈልግ ይችላል።

ካስፈለገ የፓምፑን ክዳን ፍቱ። ቡሎኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ ከሥር ጨርቅ አንጥፉ፣ አለዚያ የጀልባዋ ወለል ሥር ገብተው ይቀራሉ። የጎማዋ ክንፎች ወደየት እንደታጠፉ በስልክ ፎቶ አንሱ። ስታወጡ በሁለት ካቻቢቴ መፈንቀል የተለመደ ነው፤ ግን የፓምፑን ውስጥ ይቧጭራል። ለዚሁ የተሠራ መንቀያ ግዙ።

አሁን ክንፎቹን ቁጠሩ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። የተቆረጠ ክንፍ አይጠፋም፤ ከውሃው ጋር ሄዶ ማቀዝቀዣው አፍ ላይ ይሰነቀራል። አንዴ ሁለት ክንፍ የጎደላት ኢምፔለር አወጣሁና ቁራጮቹን ፍለጋ ቱቦውን ፈታሁ። ሦስት ቁራጭ አገኘሁ! ሦስተኛው ከእኔ በፊት የቀየረው ሰው ሳይፈልግ የተወው ነበር። አዲስ ጎማ ገብቶም ሞተሩ ሲሞቅ የከረመው ለዚህ ነው።

አዲሷን ስታስገቡ ግሊሰሪን ወይም የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀቡ። ተራ ግሪስ ጎማውን ሊያበላሸው ይችላል። ክንፎቹን ፓምፑ ከሚዞርበት አቅጣጫ በተቃራኒ እያጠፋችሁ ግፉ። የክዳኑን ጓርኒሲዮን (ውሃ እንዳያፈስ የሚገባውን ማሸጊያ) ቀይሩ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ባልቦላውን ክፈቱ፣ አስነሱ። ውሃው ወዲያው መምጣት አለበት።

ሞተሩ አልነሳ ካለ ጥንቃቄ አድርጉ። በማስነሻው ሲዞር ፓምፑ ውሃ ይገፋል፤ ናፍጣው ካልተቃጠለ ግን ውሃውን የሚገፋ ጭስ የለም። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ይሞላል፣ ውሃው ተመልሶ ሲሊንደር ይገባል። ውሃ ደግሞ አይታመቅም፤ የፒስቶኑ ዘንግ ይጣመማል። ደጋግማችሁ ከሞከራችሁ ባልቦላውን ዝጉ፣ ሲነሳ ወዲያው ክፈቱ።

ማቀዝቀዣው ላይ ያለችውን የዚንክ ዘንግም እግረ መንገዳችሁን እዩ። ጨዋማ ውሃ ከማቀዝቀዣው ብረት በፊት እሷን እንዲበላ ነው የተቀመጠችው። ግማሽ ከደረሰች ቀይሩ። እንደ ዱባይና ዶሃ ባሉ የባሕረ ሰላጤው ወደቦች ውሃው በጣም ጨዋማ ነው፣ በሞቃቶቹ ወራትም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ይበልጣል። እዚያ ቶሎ ቶሎ መፈተሽ አይከፋም።

ኢምፔለሯን ደህና ብትመስልም በዓመት አንዴ ቀይሯት። ያወጧትን ለመጠባበቂያ የሚያስቀምጡ አሉ። እኔ ጣሏት ባይ ነኝ። በጨለማ፣ ጀልባው እየተናወጠ ሳጥን ስትጎረጉሩ መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባው አሮጌው ነው።