ለሲክሊድ ገንዳ ድንጋይ በርካሽ ማግኘትና በጥንቃቄ መደርደር

ሲክሊድ ሰፊ የዓሣ ቤተሰብ ነው፤ በሐይቆቻችን የሚጠመደው ቆሮሶም ከዚሁ ወገን ነው። በመስታወት ገንዳ ውስጥ ድንጋይ አብዝተው የሚፈልጉት ግን በማላዊ ሐይቅ ዳርቻ ቋጥኝ ለቋጥኝ የሚኖሩት ምቡናዎች ናቸው። ምቡና ይዞታውን አያስደፍርም። መሸሸጊያ ያጣ ደካማ ዓሣ ቀኑን ሙሉ ሲባረር ይውላል፣ ክንፉ ይበጣጠሳል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ድንጋይ ላይ መቆጠብ የማይገባውም ለዚህ ነው። ደግነቱ ጥሩ ድንጋይ ውድ አይደለም።

ለአዲስ አበባና ለአካባቢዋ ከሁሉ የሚቀለው ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ባዛልት ነው። ውሃውን አይለውጥም፣ አይፈረፈርም፣ ጥቁረቱም የዓሣውን ቀለም ያጎላዋል። ካባ ላይ ወይም መሠረት የሚወጣበት ግንባታ ጋ ጠይቃችሁ ከጭንቅላት መጠን እስከ ጡጫ የሚያህል ትርፍራፊ ምረጡ። ሲሚንቶ የተጣበቀበትን ተዉ፤ አዲስ ሲሚንቶ የውሃውን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) በድንገት ያንረዋል። ከመንገድ የተነቀለ ኮብልስቶንም የመኪና ዘይት ጠጥቶ ሊሆን ስለሚችል አይወሰድ።

ከአባይ በረሃ፣ ከሙገር ወይም ከድሬዳዋ አካባቢ የሚመጣው የኖራ ድንጋይ ደግሞ በዝግታ እየሟሟ ውሃውን ያጠነክራል (ማዕድኑን ያበዛዋል)፣ ፒኤቹንም ከፍ ያደርጋል። የማላዊ ሐይቅ ውሃ ፒኤች ከ7.7 እስከ 8.6 ስለሆነ ለምቡና ይስማማል። እንደ ዲስከስና ኤንጀል ላሉ የደቡብ አሜሪካ ሲክሊዶች ግን አይሆንም፤ እነሱ ለስላሳ ውሃ ነው የሚወዱት። ቢሾፍቱ አካባቢ የሚወጣው ቀዳዳማ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም ጠርዙ ይቆርጣል። ሲባረር የሚጋጨው ዓሣ ቅርፊቱ ይላጣል፤ ስለዚህ ሁለት ድንጋይ እርስ በርስ አፋትጋችሁ ስለቱን አጥፉ።

ከአቃቂና ከቀበና ወንዞች ድንጋይ አታውጡ፤ የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ ሲያልፍባቸው የኖሩ ናቸው። የሚያብረቀርቅ የብረት ቅንጣት፣ የዝገት መስመር ወይም አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ያለበትንም ጣሉት። አረንጓዴና ሰማያዊው የመዳብ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ መዳብ በጥቂቱም ቢሆን ዓሣ ይገድላል።

የድንጋዩን ዓይነት ለመለየት ፊቱን በምስማር ጫሩና በተጫረው ዱቄት ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉ። አረፋ ካወጣ የኖራነት አለው። ባዛልት ላይ ነጭ ጅማት ካለ እዚያም ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያረፋው እሱ ነው። አቼቶ ግን የሚናገረው ስለ ኖራ ብቻ ነው፣ ዘይትና ብረት አያሳይም። ዘይቱንና በውሃው ላይ የሚመጣውን ለውጥ ለማየት ሁለት ባልዲ ውሰዱ፤ በሁለቱም ያንኑ ውሃ ሙሉና ድንጋዩን በአንዱ ብቻ ክተቱ። ሰባት ቀን ቆይታችሁ የሁለቱንም ፒኤች ለኩ። ባዶው ባልዲ አስፈላጊ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ሲያድር ፒኤቹ በራሱ ስለሚለወጥ፣ ድንጋዩ ያመጣው ለውጥ የሚታወቀው በሁለቱ ልዩነት ነው። ውሃው ላይ የዘይት ቀለም ከተንሳፈፈ ያ ድንጋይ አይገባም።

ለማጠብ ጠንካራ ብሩሽና ውሃ ይበቃል፤ ሳሙና አይነካውም። ድፍን ድንጋይ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በ20 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ለ15 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ ደጋግማችሁ አለቅልቁና ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ቀዳዳማው በረኪናውን መጥጦ ስለሚያስቀር የፈላ ውሃ ብቻ አፍስሱበት። ምንም ዓይነት ድንጋይ ድስት ውስጥ አትቀቅሉ፣ እሳት ላይም አታስቀምጡ። ውስጡ የታመቀ እርጥበት ሲተን ድንጋዩ ሊፈነዳና ሰው ሊጎዳ ይችላል።

ብዙ ገንዳ የሚሰበረው በአደራደር ስህተት ነው። ምቡና አሸዋ ይቆፍራል፤ አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሥሩ ሲቦረቦር ተንሸራቶ መስታወቱን ይመታል። መጀመሪያ ወለሉ ላይ 1 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው ፎም አንጥፉ፣ ትልልቆቹን በቀጥታ በእሱ ላይ አስቀምጡ፣ አሸዋው በመጨረሻ ይጨመር። እያንዳንዱ ድንጋይ ቢያንስ በሦስት ነጥብ ይረፍ። በእጅ ገፋ አድርጉት፤ ከተነቃነቀ አንሥታችሁ አዙሩት። እምቢ ያለውን የሻጋታ መከላከያ በሌለው የገንዳ ሲሊከን በደረቁ አጣብቁና ከ24 እስከ 48 ሰዓት አቆዩት። ከኋላው መስታወት 5 ሴንቲሜትር ያህል ራቁ፤ አለበለዚያ ቆሻሻ እዚያ ይጠራቀማል፣ የመምጠጫው ቱቦም አይደርስበትም።

100 በ40 በ50 ሴንቲሜትር ለሆነ የ200 ሊትር ገንዳ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ባዛልት ይበቃል። ይህን ያህል ድንጋይ 16 ሊትር ገደማ ውሃ ያስለቅቃል፤ መድኃኒት ስትለኩ ይህን ቀንሱ። ውሃው፣ አሸዋውና መስታወቱ ሲጨመሩ ክብደቱ ወደ 300 ኪሎ ስለሚጠጋ መቆሚያው ጠንካራና ውሃ ልክ ይሁን።

ለእያንዳንዱ ዋሻ ሁለት መውጫ ተዉለት፤ አንድ በር ብቻ ያለው ዋሻ ለተባራሪው ወጥመድ ነው። ድንጋይ ካነሰ ያልተቀባ አዲስ የሸክላ የአበባ ማስቀመጫ በጎኑ አስተኝታችሁ መጠቀም ይቻላል፤ የተሰበረ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ። ቡና ወይም ቅባት የጠጣ አሮጌ ሸክላ ግን አይሆንም።

ክምሩን በሁለት ወይም በሦስት ከፍላችሁ ሥሩ፤ የታመመ ዓሣ ለመያዝ ሁሉንም ማፍረስ አያስፈልጋችሁም። አዲስ ዓሣ የምታስገቡ ዕለት ደግሞ አንዱን ክምር አፍርሳችሁ በሌላ መልክ ደርድሩት። ነባሮቹ ይዞታቸው ስለሚናጋ አዲስ መጡን ትተው ቦታ መፈለግ ይጀምራሉ።