ከፍ ያለ ኖታ መንካትና ቴነር መሆን ለየቅል ናቸው፦ የድምፅ ሬንጅ ችግርና መፍትሔ

ጎንደር ውስጥ ድምፅ አሠለጥናለሁ። የሚመጡልኝ የሠርግ ዘፋኞች፣ የባህል ቡድን ልጆችና የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ናቸው። ጥያቄያቸው ይለያያል፤ ብልሽቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው፦ ሬንጃቸውን፣ ማለትም ድምፃቸው ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ኖታ የሚደርስበትን ስፋት፣ በትክክል አያውቁትም። ድምፅ ማሟሟቅ፣ ውሃ መጠጣት፣ በጉንፋን ቀን አለመለካት የሚሉትን ታውቋቸዋላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

መካከለኛው ዶ የምለው ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ ላይ ከግራ ሦስተኛውን ዶ ነው። ከእሱ በላይ ያለው ላ 440 ኸርዝ ነው (ኸርዝ ድምፅ በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል)።

ምልክት፦ ሬንጅ የሚለካው የስልክ አፕ ወይም ኪቦርዱ የማይታመን ውጤት ይሰጣል

«አራት ኦክታቭ አለኝ» (ኦክታቭ ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት ነው) የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ስልኩን ነው። አፕ ሳልንም፣ የበር ጩኸትንም፣ የወንበር ሲጥታንም ድምፅ ብሎ ይመዘግባል። ቤቱን ዝም አሰኙ። ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ያልያዛችሁትን ኖታ አትቁጠሩ።

ኪቦርድ ከሆነ ትራንስፖዙን (ቅኝቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን) እና የኦክታቭ ቁልፉን ወደ ዜሮ መልሱ። ትናንት ሠርግ ላይ የተጫወተው ሰው እንዳለ ትቶት ሊሄድ ይችላል። የልጆች መጫወቻ ኪቦርድ ከሆነ ደግሞ ተዉት፤ ቅኝቱ ራሱ አይታመንም።

ወንዶች ወፍራሙን ኖታ ከስልክ ስፒከር እየሰሙ መለካት የለባቸውም። 82 ኸርዝን ያ ትንሽ ስፒከር በደንብ አያወጣውም። ጆሯችሁ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ሊሰማውና እናንተም እዚያው ልትቀሩ ትችላላችሁ። ኢርፎን አድርጉ።

ምልክት፦ «ቴነር (ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ) ነኝ» ይላል፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል

በየጊዜው የማየው ይሄንን ነው። ልጁ ወጣት ነው፣ ጥሩ ጆሮ አለው፣ ዘፈኑን ከካሴቱ ሳይለይ ያውቀዋል። ታዋቂው ድምፃዊ በቀዳበት ኪይ (የዘፈኑ ከፍታ) ይለማመዳል። ላይኛውን ላ (440ውን) ይነካዋል፤ ግን አገጩ ወደ ላይ ይነሳል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ትከሻው ጆሮው ሥር ይደርሳል። ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ። ጥር ላይ ሠርግ ሲደራረብ ድምፁ ይዘጋል።

ምክንያቱ፦ ልጁ ባሪቶን፣ ማለትም መካከለኛ የወንድ ድምፅ ያለው ነው። አብዛኛው ወንድ ባሪቶን ነው፤ የምንሰማው ታዋቂ ዘፈን ግን ብዙ ጊዜ ከፍ ባለ ድምፅ የተቀዳ ነው። በተለመደው አከፋፈል ባስ (ወፍራሙ የወንድ ድምፅ) ከ82 እስከ 330 ኸርዝ፣ ባሪቶን ከ110 እስከ 440፣ ቴነር ከ131 እስከ 523 ገደማ ነው። አያችሁ፣ 440 ባሪቶንም ውስጥ አለ። ላን ስለነካችሁ ብቻ ቴነር አትሆኑም። የድምፅ ዓይነትን የሚለየው አንዴ ጮኾ የነኩት ጫፍ ሳይሆን፣ ድምፁ ሳይደክም ረጅም ጊዜ የሚቆይበት አካባቢና ከደረት ድምፅ (ከወፍራሙ፣ ከንግግሩ ዓይነት) ወደ ራስ ድምፅ (ወደ ቀጭኑ) የሚሻገርበት ቦታ ነው። ከመካከለኛው ዶ በላይ ስትወጡ ባሪቶን ብዙ ጊዜ ሬና ሚ አካባቢ ይቸገራል፤ ቴነር ፋና ሶል አካባቢ።

መፍትሔው፦ ከሰዓት በኋላ ተቀመጡ። ስትናገሩ ከምትጠቀሙበት ድምፅ አጠገብ ባለ ኖታ «ማ» በሉ። በግማሽ ቶን በግማሽ ቶን (ኪቦርዱ ላይ ጥቁሩንም ቆጥራችሁ ከአንድ ቁልፍ ወደ አጠገቡ) ውረዱ። ድምፁ ወደ ትንፋሽ ወይም ወደ መንቋቋት ሲቀየር ቁሙ፤ ከዚያ በፊት የነበረው ንጹሕ ኖታ ታችኛው ወሰናችሁ ነው። ከዚያ ወደ ላይ። ጉልበት ሳትጨምሩ ውጡ። እዚህ ላይ መስተዋት ያስፈልጋል፤ አገጭ ከተነሳ ያ ኖታ አይቆጠርም። ድምፁ በድንገት ወደ ቀጭን ፋልሴቶ ከዘለለ የዘለለበትን ቦታ ጻፉ። ፋልሴቶውን ግን ከሬንጃችሁ ጋር አትደምሩት። ይሄንን በተለያዩ ቀናት ድገሙና ሁልጊዜ ምቹ ሆኖ የተገኘውን አካባቢ ውሰዱ።

ቀጥሎ ዘፈኑን አምጡ። ዝማሬው ብዙ ጊዜ የሚመላለስባቸውን ኖታዎችና ከፍተኛውን ኖታ ፈልጉ። ከፍተኛው ኖታ ከምቹ ጫፋችሁ አንድ ቶን ያህል ዝቅ እንዲል ኪዩን አውርዱ።

አንድ የሠርግ ዘፋኝ ይሄን ስነግረው ተቆጣ። «ኪይ ካወረድኩ ሰው አይጨፍርም» አለኝ። የእስክስታ ዘፈኑን አምስት ግማሽ ቶን አወረድንለት፤ ላ የነበረው ሚ ሆነ። ኪቦርዲስቱም አጉረመረመ፣ ጣቱ በለመደው ኪይ መጫወት ይፈልግ ነበር። በሚቀጥለው ሠርግ ሰው እንደ ወትሮው ትከሻውን ነቀነቀ። የሚያስጨፍረው ከበሮው፣ ምቱና የዘፋኙ አዝማች አያያዝ ነው። ልጁም እስከ ሌሊት ዘፍኖ በማግስቱ በሙሉ ድምፁ አናገረኝ። ሌላው ግን እምቢ አለ። አረቄ «ጉሮሮ ይከፍታል» ብሎ እየጠጣ፣ ጥሬ እንቁላል እየዋጠ በዚያው ኪይ ቀጠለ። ፋሲካ ሳይደርስ ሲናገር እንኳ የሚሻክር ሆነ።

እባካችሁ፣ የምትውጡት ነገር የድምፅ አውታርን አይነካም። መንገዱ ሌላ ነው፤ የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነው። እንቁላሉ አይቀባውም። አረቄው ደግሞ ያደርቃል፣ ሕመሙንም ይደብቃል። ጉሮሮ የሚያደነዝዝ ከረሜላ ወስዳችሁም ሬንጅ አትለኩ። ሕመም ካልተሰማችሁ መቆሚያችሁን አታውቁትም።

ምልክት፦ ሴት ናት፣ «ወንዴ ድምፅ አለሽ» ተብላለች

አልቶ፣ ማለትም ወፍራም የሴት ድምፅ ያላት ልትሆን ትችላለች። ጉድለት የለባትም። አልቶ ከ175 እስከ 698፣ ሜዞ ሶፕራኖ (መካከለኛዋ) ከ220 እስከ 880፣ ሶፕራኖ (ቀጭኗ) ከ262 እስከ 1047 ኸርዝ ገደማ ትይዛለች። አንድ ዘፈን ሰምቶ «ሶፕራኖ ነሽ» ብሎ የሚፈርድ አሠልጣኝ ያናድደኛል። ይህ አከፋፈል ከአውሮፓ ኦፔራና የኅብረ ድምፅ መዝሙር የመጣ ነው። ትዝታ ወይም ባቲ ብቻዋን ለምትዘፍን ሴት ስሙ ከሚጠቅማት ይልቅ ምቹ ቦታዋን ማወቋ ይጠቅማታል።

ምልክት፦ ልኬቱ በየቀኑ ይለያያል

ጠዋት የድምፅ አውታር ትንሽ ያብጣል፤ ስለዚህ ወፍራም ኖታ ይገኛል፣ ቀጭኑ ይጠፋል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ለኩ። ማታ ዘግይቶ በርበሬ የበዛበት ወጥ በልቶ መተኛትም በአሲድ ምክንያት ጉሮሮን ያሻክራል። በበጋ አቧራው፣ የምሽት ቤት ጭስ፣ የከሰል ጭስ ይጨመሩበታል።

የጥምቀት ሰሞን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ፋሲለደስ መዋኛ ሲጮኽ የዋለ ሰው ጥር 13 ይመጣና «ባስ ሆኛለሁ» ይለኛል። አልሆነም። አውታሩ አብጦ ነው። ዝም ብሎ ይረፍ፣ ጉሮሮውን እህህ እያለ አይጥረግ፣ ድምፁ ሲመለስ ይለካ።

ምልክት፦ ብቻውን ደህና ነው፣ ከማሲንቆ ወይም ከመዘምራን ጋር ይታነቃል

ሬንጃችሁ አልጠበበም። ቅኝቱ ለሌላ ሰው ነው። ማሲንቆና ክራር ወደ ዘፋኙ ድምፅ የሚቃኙ መሣሪያዎች ናቸው፤ «ትንሽ ዝቅ አድርግልኝ» ማለት ነውር የለውም። ማሲንቆ መቺው ጭራው በጣም ሲላላ ድምፁ ይደክማል ሊላችሁ ይችላል፤ እውነቱን ነው፣ ልክ አለው። ከልኩ በላይ መውረድ ካስፈለጋችሁ ዘፈኑን ቀይሩ።

በመዘምራን በኩል ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጀምረው ሰው ነው። እሱ በተመቸው ቦታ ያነሳዋል፤ ሦስተኛው ቤት ላይ ሁሉም ይጮኻል። መዝሙሩ ውስጥ ያለውን ከፍተኛ ኖታ አስቀድሞ በለሆሳስ ሞክሮ ያንሳ።

አልፎ አልፎ የሚመጡ

ድምፁ እየተቀየረ ያለ የ13 ወይም የ14 ዓመት ልጅ፦ ዓይነቱን አትሰይሙ፤ በሚመቸው ብቻ ይዘምር፣ ወላጅም አይቸኩል።

ሲናገር ወፍራም፣ ሲዘፍን ቀጭን የሆነ፦ ብዙ ቴነር እንዲህ ነው፤ የንግግር ድምፅ ዓይነትን ብቻውን አይወስንም።

መሐል ላይ አንድ ወይም ሁለት ኖታ ሁልጊዜ የሚጠፋ፣ ትንፋሽ ብቻ የሚወጣ፦ አውታሩ ላይ እባጭ ሊኖር ይችላል። ልምምድ አያድነውም፤ አቁሙ።

ድምፁ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በላይ የጎረነነ፦ ከአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ደም ከተፋ ወይም ለመተንፈስ ከተቸገረ አንድም ቀን አይጠብቅ።