የመናኸሪያ ልማድ ይዞ የህንድ ባቡር ላይ መውጣት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ባቡር የለውም። ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ ወይም ከዳንግላ ተነስቶ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ጉዞን የተማረው ከመናኸሪያ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል። ትኬት ባይቆርጥም ቦታ እንደማያጣ ያምናል። አውቶቡሱን ካመለጠው መንገድ ላይ ሌላ ይይዛል። መውረጃው ሲደርስ ረዳቱ ይነግረዋል። ይህ ሁሉ ለዓባይ በረሃ መንገድ ይበቃል። ህንድ ውስጥ ግን ከመንገድ ያስቀራል።

ስለ ህንድ የምጽፈው ብዙ ሰዎቻችን ወደዚያ ስለሚሄዱ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ የሚሄዱ መምህራን አሉ፤ ቪሳካፓትናም ያለው አንድራ ዩኒቨርሲቲ ስንት ኢትዮጵያዊ አስተምሯል። ለሕክምና እናትና አባታቸውን ይዘው ዴልሂ ወይም ቼናይ የሚሄዱም አሉ። አገሩ ደግሞ ሰፊ ነው። ከዴልሂ ቼናይ ከ2100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ያለውን መንገድ አራት ጊዜ ያህል መሆኑ ነው። ከሰሜን ምሥራቅ ዲብሩጋር ተነስቶ ደቡብ ጫፍ ካንያኩማሪ የሚደርሰው ቪቬክ ኤክስፕረስ ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሦስት ቀን ያህል ይፈጅበታል። እንዲህ ላለ ጉዞ ሳይዘጋጁ መውጣት ገንዘብም ጤናም ያስከፍላል።

"እዚያው ደርሼ እቆርጣለሁ"

የረጅም ርቀት ባቡር አልጋ መሸጥ የሚጀምረው ከጉዞው 60 ቀን በፊት ነው። ተፈላጊ በሆኑ መስመሮች ላይ ቶሎ ያልቃል። በዲዋሊ በዓል ሰሞን፣ ማለትም በእኛ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤተሰቡ ስለሚሄድ ጭራሽ አይገኝም። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ቀን ወይም የሐኪም ቀጠሮ እንደታወቀ ትኬቱን ቁረጡ።

ከዚህ የባሰው ስህተት "ዌይቲንግ ሊስት" የሚል ትኬት ይዞ ጣቢያ መሄድ ነው። ገንዘቡን ከፍላችኋል፣ ወረቀቱም በእጃችሁ ነው፣ ግን አልጋ የላችሁም። ተጠባባቂ ናችሁ ማለት ነው። ባቡሩ ከመነሳቱ ከሰዓታት በፊት የመጨረሻው የተሳፋሪ ዝርዝር ይወጣል። ያን ጊዜም ተጠባባቂ ከሆናችሁ በኢንተርኔት የተቆረጠው ትኬት በራሱ ይሰረዝና ገንዘቡ ይመለሳል። ገብቶ ጥግ ይዞ መቀመጥ የለም። "አር ኤ ሲ" የሚል ከሆነ ግን መሳፈር ትችላላችሁ። አንዱን የጎን አልጋ ለሁለት ተካፍላችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ሰው ከቀረ ሙሉ አልጋ ይደርሳችኋል። ለአንድ ሌሊት ይቻላል። ታማሚ ይዞ ግን አይሞከርም።

"ታትካል የሚባል የመጨረሻ ቀን ትኬት አለ" የሚላችሁም አይጠፋም። አለ፤ ጉዞው አንድ ቀን ሲቀረው ነው የሚሸጠው። ነገር ግን ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኢንተርኔት ለመቁረጥ አድሃር የሚባለውን የህንድ መታወቂያ ይጠይቃል። ለእኛ ተስፋ የሚጣልበት አይደለም።

ዴልሂ ላይ ለውጭ አገር ጎብኚዎች ትኬት የሚቆርጥ ቢሮ አለ። ያለው ኒው ዴልሂ ጣቢያ ሕንፃው ውስጥ፣ አንደኛ ፎቅ፣ ፓሃርጋንጅ በሚባለው ሰፈር በኩል ነው። በር ላይ ዘንጠው የቆሙ ደላሎች "ተዘግቷል"፣ "ተቃጥሏል"፣ "ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል" ይሏችኋል። ሻንጣችሁንም ሊይዙላችሁ ይፈልጋሉ። አትስሟቸው፤ ደረጃውን ራሳችሁ ውጡ። ዋናውን ፓስፖርት ያዙ።

የሌሊቱን ቀን መሳሳት

ሐበሻን በተለየ የሚጥለው ይህ ነው። ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡት።

ትኬቱ "ረቡዕ፣ 00:15" ይላል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6:15 ነው። ጎጃሜ ይህን ሲያይ ወዲያው "ረቡዕ ሌሊት 6:15" ይላል። ረቡዕን ውሎ፣ ራቱን በልቶ፣ ሻንጣውን ይዞ ጣቢያ ይሄዳል። ባቡሩ ግን ከሄደ አንድ ሙሉ ቀን ሆኖታል። እነሱ ዘንድ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌሊቱ ሰው ሁሉ እስኪነሳ ድረስ የትናንቱ ነው። ይህ ትኬት ለረቡዕ አጥቢያ ነው፤ ማክሰኞ ማታ ከቤት መውጣት አለባችሁ። ገንዘቡም በአብዛኛው አይመለስም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ትኬቱን በቆረጣችሁበት ሰዓት በወረቀት ላይ በአማርኛ ጻፉት፦ "ማክሰኞ ማታ፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:15።" ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ሰዓት ሁሉ እንዲህ ይጻፍ። የሰዓቱ ቁጥር ራሱም ያደናግራል፣ ምክንያቱም ትኬቱ በ24 ሰዓት ነው የሚጽፈው። 18:00 የእኛ ማታ 12 ሰዓት ነው። 22:30 ደግሞ ማታ 4:30 ነው። ስልካችሁን የህንድ ሰዓት ላይ አድርጉት፤ ከኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድማል። ቤተሰብ ስልክ ደውሎ "ስንት ሰዓት ትገባላችሁ?" ሲል ደግሞ የየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ሳትነግሩ አትዝጉ።

ጣቢያውንና ፉርጎውን አለማጣራት

"ዴልሂ ጣቢያ ውሰደኝ" ብሎ ባጃጅ መያዝ አይበቃም። ኒው ዴልሂ፣ ኦልድ ዴልሂ፣ ሃዝራት ኒዛሙዲን፣ አናንድ ቪሃር እያለ ይቀጥላል። ሙምባይም፣ ኮልካታም፣ ቼናይም እንዲሁ ናቸው። ትኬቱ ላይ ያለውን ስም ሙሉውን ለሹፌሩ አሳዩት። ከስሙ ይልቅ ደግሞ የባቡሩን ባለ አምስት አኃዝ ቁጥር ያዙ። መሄጃውና መመለሻው ቁጥራቸው የተለያየ ነው፤ ለምሳሌ 12951 ከሙምባይ ዴልሂ ይመጣል፣ 12952 ከዴልሂ ሙምባይ ይመለሳል።

ትኬታችሁ ከሚለው ጣቢያ ነው መሳፈር ያለባችሁ። እንደ አውቶቡስ "ቀጥሎ ካለው ከተማ ላይ እጠብቀዋለሁ" ካላችሁ ተቆጣጣሪው አልጋውን ለተጠባባቂ ሊሰጥባችሁ ይችላል። መሳፈሪያ መቀየር የሚቻለው አስቀድሞ ካሳወቃችሁ ነው።

ባቡሩ ራሱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ትንንሽ ጣቢያዎች ላይ የሚቆመው ሁለት ደቂቃ ነው። ሻንጣ ይዞ ከጫፍ እስከ ጫፍ መሮጥ አይሆንም። ፉርጎው የት ላይ እንደሚቆም በፕላትፎርሙ ሰሌዳ ላይ ይታያል፤ ካልታየ ቀይ ሸሚዝ የለበሱትን ኩሊዎች ጠይቁ። ዕቃ የምታሸክሟቸው ከሆነ ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ርካሹን ማዕረግ መምረጥ

ጄኔራል የሚባለው ቁጥር የሌለው ፉርጎ ለረጅም መንገድ አይሆንም፤ ይህን ለመከራከር እንኳ አልፈልግም። ስሊፐር ርካሽ ነው፣ አልጋ አለው፣ ግን ማቀዝቀዣም አንሶላም የለውም። በግንቦትና በሰኔ ሰሜን ህንድ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። የደጋ ሰው ይህን ቀን ሙሉ አይችለውም። ባለ ሦስት ፎቅ አልጋ፣ ማቀዝቀዣ ያለው፣ አንሶላና ብርድ ልብስ የሚሰጠው ማዕረግ ለአብዛኛው ሰው ልኩ ነው። ጋቢ መያዝ ግን አይከፋም። ማቀዝቀዣው ሌሊት ይበረታል።

አልጋ ስትመርጡ ለእናትና ለአባት የታችኛውን ጠይቁ። ለአዛውንትና ለነፍሰ ጡር የተያዘ ኮታ አለ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ላይኛው አልጋ ላይ በዚያ ጠባብ መሰላል አይወጣም። የመካከለኛው አልጋ የሚዘረጋው በእኛ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ነው። በቀን ልተኛ ብላችሁ ዘርግታችሁ ሰው አታስነሱ።

"ቬጅ" ሁሉ የጾም ነው ብሎ ማሰብ

ህንድ ሥጋ የማይበላ ሰው የሞላበት አገር ነው። ሥጋ የሌለበትን ምግብ "ቬጅ" ይሉታል። የምግብ እሽግ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም የለበትም። የሥጋ ነገር ለሚጠነቀቅ ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ነገር ግን ወተት፣ እርጎና ቅቤ እነሱ ዘንድ የጾም ምግብ ናቸው። ረቡዕና ዓርብን ለሚጾም፣ በተለይ በዐቢይ ጾም ለሚጓዝ፣ አረንጓዴው ነጥብ ዋስትና አይደለም።

ፓኒር የሚሉት አይብ ነው። ጊ የሚሉት ንጥር ቅቤ ነው፤ ዳል በሚሉት የምስር ወጥ ላይ መጨረሻ ላይ ጣል ያደርጉታል፣ ቂጣውንም ይቀቡታል። በየጣቢያው "ቻይ፣ ቻይ" እያሉ የሚያዞሩት ሻይ በወተት የተፈላ ነው። ታዲያ ምን ይበላል? ደቡቡ ይሻላል። ኢድሊ የሚባለው ከሩዝና ከጥራጥሬ ተቦክቶ በእንፋሎት የሚበስል ነጭ ዳቦ አለ፤ ለሆድም ቀላል ነው። በሰሜን ድንች የተሞላ ሳምቡሳና በዘይት የተጠበሰ ፑሪ ይገኛል። ነጭ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ለውዝና የተቆላ ሽምብራ የትም አለ። "ዱድ ናሂ፣ ጊ ናሂ" ማለትን ልመዱ፤ ወተትም ቅቤም አይግባበት ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን በሶና ቆሎ ያዙ። ለዚህ ዓይነት መንገድ ከዚህ የተሻለ ስንቅ አላውቅም። በሶውን ለመበጥበጥ የታሸገ ውኃ ብቻ ተጠቀሙ፤ ክዳኑ ያልተነካ መሆኑን እዩ።

ከማያውቁት ሰው መጉረስ

እኛ አጠገባችን የተቀመጠን ሰው ሳንጋብዝ አንበላም። ህንዶችም እንዲሁ ናቸው። ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ ሲበላ አጠገቡ ያለውን እንግዳ ዝም ብሎ አያልፍም፤ ያ ደግነት እውነተኛ ነው። ነገር ግን በብስኩት ወይም በሻይ ማደንዘዣ ሰጥተው የሚዘርፉ ሌቦች አሉ፤ የባቡር መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተሳፋሪን ያስጠነቅቃል። የእኔ ልክ ይህ ነው፦ ቤተሰቡ ራሱ ከሚበላበት ዕቃ ከሆነ እቀበላለሁ። ብቻውን ያለ ሰው አውጥቶ ለእኔ ብቻ ከሰጠኝ አልቀበልም። "ጾም ነኝ" ማለት እዚያ አገር ማንንም ቅር አያሰኝም። ጾምን ያውቁታል፣ ያከብሩታልም።

ሻንጣን ከታችኛው አልጋ ሥር ባለው ብረት በሰንሰለትና በቁልፍ እሰሩት። ሰንሰለቱ ጣቢያ ላይ ይሸጣል። ፓስፖርትና ገንዘብ ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ስትተኙም ገላችሁ ላይ ይሁን። ችግር ካለ 139 ደውሉ።

ረዳት መጠበቅ

ባቡሩ ላይ "ወራጅ አለ?" የሚል የለም። በብዙዎቹ ባቡሮች የጣቢያ ስም የሚጠራም የለም። ሌሊት 9 ሰዓት የምትወርዱ ከሆነ ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚጮህ ደወል ሙሉ። ባቡሩ የት እንደደረሰ በስልክ መተግበሪያ ተከታተሉ፣ ምክንያቱም ቢዘገይ የትኬቱ ሰዓት አይጠቅማችሁም። ሻይ ልግዛ ብላችሁ ከወረዳችሁ ከበሩ አትራቁ። ሲነሳ አይጠራችሁም። ዘመድ ፕላትፎርም ላይ ቀረ ብላችሁም የማስቆሚያውን ሰንሰለት ለመጎተት አትቸኩሉ፤ ያለ በቂ ምክንያት መጎተት እስከ 1000 ሩፒ ቅጣት ወይም እስከ አንድ ዓመት እስራት አለው። ይልቅ ጉዞ ሳትጀምሩ ትኬቱን በየሰዉ ስልክ ላይ አስቀምጡ፤ የቀረውም ሰው በሚቀጥለው ጣቢያ የት እንደምትገናኙ ያውቃል።

ባቡርና አውሮፕላንን በአንድ ቀን ማያያዝ

በታኅሣሥና በጥር ሰሜን ህንድ ላይ ጭጋግ ይወርዳል። ባቡሮች ቀስ ብለው ስለሚሄዱ ዴልሂ ጠዋት መግባት የነበረበት ባቡር ማታ ሊገባ ይችላል። ለገና አገር ቤት ለመግባት የሚጓዝ ተማሪ የሚወድቀው በዚህ ነው። የአዲስ አበባው በረራ ማታ ከሆነ ጠዋት የሚገባው ባቡር ይበቃኛል ብሎ ያስባል። አይበቃም። በነዚያ ወራት ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ዴልሂ ግቡ፤ ርካሽ ማደሪያ ይዛችሁ እደሩ። የማደሪያው ዋጋ ካመለጠ በረራ ጋር አይወዳደርም። ለሐኪም ቀጠሮም ይኸው ይሠራል፤ ታማሚው ከ30 ሰዓት በላይ ባቡር ላይ ቆይቶ በቀጥታ ሆስፒታል ወረፋ ላይ አይሰለፍ።