ግፊት ከመለካታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

እናቴ ሰሞኑን ፋርማሲ ገብታ ግፊቷን ስትለካ 158 በ94 አሏትና ቤቱ ሁሉ ተሸበረ፣ በኋላ ሳጣራ ለካ ቶናውን ጠጥታ ዳገቱን በእግሯ ወጥታ እንደገባች ነው ክንዷን የሰጠችው 😅 በማግስቱ ቤት አርፋ ስንለካት 132 በ82። እና ከመለካታችሁ 30 ደቂቃ በፊት ቡናም ሲጋራም ስፖርትም ይቅር፣ ሽንት ከያዛችሁም መጀመሪያ ሽንት ቤት ግቡ፣ እሱ ራሱ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፣ ከዛ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ቁጭ ማለት ነው። ጀርባ ወንበሩን ተደግፎ፣ እግር ሳይቆላለፍ መሬት ረግጦ፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል። ክንድ ወደታች ተንጠልጥሎ ከተለካ ከፍ አድርጎ ነው የሚያነበው። ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ በሹራብ ላይ አይታሰር፣ ክንዳችሁ ወፈር ያለ ከሆነ ደሞ ሰፊውን ጠይቁ፣ ጠባቡ ያለአግባብ ይጨምራል። እየተለካችሁ አታውሩ በናታችሁ፣ እኛ ጋ ነርሷ እየለካች ስለ ልጆች ነው የሚወራው! አንዴ ለክታችሁም አታቁሙ፣ 1 ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት፣ ጠዋትና ማታ ለተወሰኑ ቀናት መዝግባችሁ ለሀኪም አሳዩ፣ ቤት ሲለካ አማካዩ 135 በ85 ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ነው ከፍ ያለ የሚባለው። መድሀኒት የጀመራችሁ ቁጥሩ ወረደ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ የወረደው እኮ በመድሀኒቱ ነው። ብቻ 180 በ120 አልፎ የደረት ህመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይ የአፍ መንተባተብ ከመጣ ቤት ቁጭ ብሎ መለካት የለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል።