ከጭስ ማውጫው በፊት ማኖሜትሩን እዩ፦ የስክረበር ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት። ከአንድ ፋብሪካ ያመለጠ የአሲድ እንፋሎት ሌላ ሰፈር ለመድረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ስለዚህ እንፋሎቱን የሚያጥበው ማሽን፣ ስክረበሩ፣ መታመሙን ከቴክኒሻኑ ቀድመው የሚያውቁት ብዙ ጊዜ ጎረቤቶች ናቸው። እዚህ የምጽፈው ብረት በሃይድሮክሎሪክ አሲድ በሚታጠብበት ክፍል ስለሚተከለው፣ ሆዱ በፕላስቲክ ቀለበቶች ስለተሞላው የጭስ ማጠቢያ ነው። ማራገቢያው እንፋሎቱን ከታች ወደ ላይ ይስባል፤ ፓምፑ ኮስቲክ ሶዳ ያለበትን ውኃ ከላይ ይረጫል፤ ሁለቱ በቀለበቶቹ ላይ ይገናኛሉ። ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ጠብታ መያዣ ውኃው ከአየሩ ጋር እንዳያመልጥ ያግዳል።

አንድም ቡሎን ከመፍታታችሁ በፊት ሦስት ነገር መዝግቡ፦ በቀለበቶቹ ታችና ላይ መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት፣ የፓምፑን መውጫ ግፊት፣ የሞተሮቹን አምፔር። የግፊት ልዩነት መለኪያው ማኖሜትር አልተገዛልንም ማለት ሰበብ አይሆንም፤ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ የያዘ ግልጽ ቱቦ አጥፎ ግድግዳ ላይ መስቀል ይበቃል። የቀለበቶቹ ሙሊት 3 ሜትር ከፍታ ካለው፣ ንጹህ ሳለ በቱቦው ሁለት ጎኖች ያለው የውኃ ከፍታ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሜትር ቢለያይ የተለመደ ነው። ዋናው ግን የእናንተው ማሽን በጤናው ቀን ያሳየው ቁጥር ነው። ግድግዳው ላይ በቀለም ጻፉት፤ ደብተር ይጠፋል።

ነጭ ጭስ ይታያል

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከሆነ አትደንግጡ፤ ጥቂት ሜትር ሄዶ የሚጠፋው ተራ የውኃ እንፋሎት ነው። ሳይጠፋ የሚጎተት፣ ጉሮሮ የሚከነክን ከሆነ ግን አሲድ ነው፤ ወደ ቁጥሮቹ ሂዱ።

የግፊት ልዩነቱ ጨምሯል

ወይ ቀለበቶቹ ተደፍነዋል፣ ወይ ውኃው ወይም አየሩ ከልክ በላይ ሆኖ ቀለበቶቹን የያዘው ማማ ተጥለቅልቋል፣ ማለትም ውኃው መውረድ አቅቶት በቀለበቶቹ መካከል ተጠራቅሟል። ለመለየት የአሲድ ገንዳው ተከድኖ ሥራ በቆመበት ሰዓት ፓምፑን አጥፉና ማራገቢያውን ብቻ አሠሩ። ቁጥሩ በደንብ ከወረደ ችግሩ መጥለቅለቅ ነው፤ የውኃውን ቫልቭና የማራገቢያውን በር አስተካክሉ። እምብዛም ካልወረደ ድፍን አለ። አንድ ቀለበት አውጡና አሲድ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ የኖራ ድንጋይ ዓይነት ቅርፊት ነው። ካልፈላና ቡናማ ጭቃ ከሆነ የብረት ዝገት ነው፤ በውኃ ግፊት ይታጠባል።

ቅርፊቱ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የምንሠራው ራሳችን ነን። ሽታ በመጣ ቁጥር ኮስቲክ ሶዳ ይጨመራል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 መሀሉ ነው፣ ሶዳ ሲበዛ ከዚያ በላይ ይወጣል) ከ9 ሲያልፍ ውኃው አሲዱን ብቻ ሳይሆን በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድም መያዝ ይጀምራል። ሶዳው በከንቱ ያልቃል፤ የተያዘው ካርቦንም በውኃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ተጣብቆ ቀለበቶቹን ይለብሳል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውኃን የሚወድ ጋዝ ነው፤ ፒኤች ከ7 እስከ 8.5 ባለው ክልል ቢቆይ ይበቃዋል። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ሲነሳ ሁሉም ሰው ፍሎራይድ ይላል። ፍሎራይድ የጥርስ ጠላት ነው፤ የቀለበቶቹ ጠላት ካልሲየምና ባይካርቦኔት ናቸው። ጉድጓድ ከጉድጓድ ስለሚለያይ በጎረቤት ውጤት አትተማመኑ፣ የራሳችሁን አስመርምሩ።

የያዘውን ቅርፊት ለማስለቀቅ ሥራ በቆመበት ቀን ቀጭን የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውህድ በራሱ በፓምፑ አዙሩ፤ ማራገቢያው አይጥፋ። መፍላቱ ሲያቆም ጨርሳችኋል። ስታዋህዱ ውኃው ይቅደም፣ አሲዱ ይከተል። የፓምፑ ሆድ አይዝጌ ብረት ከሆነ ይህን አታድርጉ፣ አሲዱ ይበላዋል። በረኪና ደግሞ በአካባቢው እንዳይኖር፤ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይሆናል። ወደ ማማው የሚገባ ሰው ካለ ማብሪያ ማጥፊያው ይቆለፍ፣ ቁልፉ በገባው ሰው ኪስ ይሁን፣ የውስጡ አየር ይለካ፣ ሌላ ሰው በር ላይ ይቁም።

የግፊት ልዩነቱ ቀንሷል

ይህ ብዙዎችን ያታልላል፤ ቁጥሩ ሲወርድ ማሽኑ የጸዳ ይመስላል። በመጀመሪያ ውኃውን ተመልከቱ። የፓምፑ ግፊት ጨምሮ አምፔሩ ከቀነሰ የመርጫ አፍንጫዎቹ ተደፍነዋል። ግፊቱ ቀንሶ አምፔሩ ከጨመረ ደግሞ አፍንጫ ወልቋል ወይም ተበልቶ ሰፍቷል፤ ውኃው በአንድ በኩል እየወረደ አየሩ በደረቁ በኩል ያልፋል። ሁለቱም ከቀነሱ የፓምፑን መምጠጫ ማጣሪያ ክፈቱ።

ውኃው ደህና ከሆነ ወደ ማራገቢያው ሂዱ። ቺንጋው ላልቶ ሊሆን ይችላል። እኔን ግን አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ያስለፋኝ ሌላ ነገር ነበር። የተቃጠለው ሞተር ሽቦው እንደገና ተጠቅልሎ መጥቶ ሲገጠም ሁለት ፌዝ (የኤሌክትሪክ መስመር) ተለዋውጧል፤ ማራገቢያው ወደ ኋላ ይዞራል። እጄን ሳስጠጋ አየር ይስባል፣ ስለዚህ አልጠረጠርኩም። እንዲህ ዓይነቱ ማራገቢያ ወደ ኋላ ሲዞርም የሚገፋው ወደዚያው ነው፣ መጠኑ ብቻ እጅግ ይቀንሳል። ቀለበት አውጥቼ አጥቤ ከመለስኩ በኋላ ነው አንድ አንጋፋ ኤሌክትሪሻን በሞተሩ ላይ ወዳለው ቀስት ጠቁሞ የሳቀብኝ።

ጣሪያው ላይ ጠብታ ይዘንባል

ፀሐይ ወጥቶ ሲያካፋ ልጆች «ጅብ ወለደች» ይላሉ። በግቢው ውስጥ ይህ ከሆነና በመኪናዎች ላይ ነጭ ነጠብጣብ ከቀረ ጥፋቱ የጠብታ መያዣው ነው። ብዙ ጊዜ በጨው ተደፍኖ አየሩ በቀሩት ቀዳዳዎች በፍጥነት እያለፈ ጠብታ ይነጥቃል፤ አንዳንዴም ከጥገና በኋላ ተገልብጦ ይገጠማል። በንጹህ ውኃ እጠቡት፣ ጠርዙ ላይ ክፍተት አለመኖሩንም እዩ።

ፓምፑ ጠጠር እንደሚፈጭ ይጮኻል

ኩሽኔታውን ከመቀየራችሁ በፊት የገንዳውን ውኃ ከፍታ እዩ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት። የአየር ግፊቱ እንደ ባሕር ዳርቻ 10.3 ሜትር ሳይሆን ወደ 8.5 ሜትር ውኃ ይጠጋል፤ ውኃውን ወደ ፓምፑ መምጠጫ የሚገፋው ኃይል በዚያው ልክ ያነሰ ነው፤ ሲያንስ ውኃው ፓምፑ ውስጥ አረፋ ይፈጥራል፣ ጩኸቱም የአረፋው መፈንዳት ነው። ሌላ ቦታ በሰላም የሚሠራ ፓምፕ እዚህ ገንዳው ትንሽ ሲጎድል ወይም ማጣሪያው ትንሽ ሲቆሽሽ መጮኽ ይጀምራል። ገንዳውን ሙሉ፣ ማጣሪያውን እጠቡ፣ በመምጠጫው ቧንቧ ላይ ያለውን ትርፍ ክርንና ቫልቭ ቀንሱ።

ኮስቲክ ሶዳ ቶሎ ያልቃል

የፒኤች መለኪያው ሊዋሽ ይችላል፤ ጫፉን አጥባችሁ በ4 እና በ7 መለኪያ ፈሳሽ ፈትሹት። ትክክል ሆኖ ከተገኘ ውኃው መቼ እንደተቀየረም ጠይቁ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ከሮቶ የተቀዳን ውኃ መድፋት ልብ ያማል፣ ይገባኛል፤ ነገር ግን ጨውና ጭቃ የተጠራቀመበት ውኃ ከላይ ከዘረዘርኳቸው ችግሮች ብዙዎቹን ይወልዳል። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየለቀቃችሁ ተኩት። የሚለቀቀውም ወደ ፍሳሽ ማጣሪያ እንጂ ወደ ጎርፍ መውረጃው አይደለም፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከፋብሪካ የሚወጣን ፍሳሽም ይመለከታል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁሉም ነገር ይበላሻል

ፓምፑ ሲቆም በቧንቧው ውስጥ የነበረው ጭቃ ይቀመጣል፤ ሲነሳ ያ ሁሉ ወደ አፍንጫዎቹ ይገፋል። መብራቱ ረዘም ላለ ጊዜ ከጠፋ የታችኛውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ ጭቃውን አስወጡ። ከዚያ ፓምፑ ይነሳ፣ ግፊቱ ይረጋጋ፣ ማራገቢያው ይከተል፣ የአሲዱ ገንዳ ክዳን በመጨረሻ ይከፈት። ኤሌክትሪሻኑ የውኃ ግፊት ሳይኖር ማራገቢያው እንዳይነሳ አድርጎ ቢያገናኘው የሌሊት ፈረቃው ቅደም ተከተሉን ቢረሳም ማሽኑ አይረሳም።