ደረቀብኝ ለምትሉ፦ ከተረፈ ተርኪ የሚሠራ ማካሮኒ በፎርኖ

አሜሪካ ውስጥ የታንክስጊቪንግ (የምስጋና ቀን) ማግስት የብዙ ሐበሻ ቤት ፍሪጅ በተርኪ (በቱርክ ዶሮ) ይሞላል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ በዓሉ በአብዛኛው ዓመት ጾም ላይ ይውላል፤ ጿሚ በበዛበት ቤት ትራፊው ይብሳል። ማካሮኒ መቀቀሉን ታውቁታላችሁ፤ በየዓመቱ ወደምጠየቅበት ብልሽት ልሂድ።

ደረቀ፣ ተጋግሮ ማንኪያ አላስገባ አለ።

ሰው ሁሉ በኦቨኑ ያሳብባል። ኦቨኑ ምንም አላጠፋም። ማሰሮ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የበሰለ ማካሮኒ ኦቨን ከገባ በኋላም ሶሱን ይመጥጣል። ተርኪው ደግሞ አንዴ ሲጠበስ ውሃውን ጨርሷል፣ የደረት ሥጋው በተለይ።

አንድ ወዳጄ ቤት እንግዳ ተቀምጦ ትሪው ሲቀርብ በቢላ ነው የተቆረጠው። ማካሮኒው እስኪልም ተቀቅሏል፣ ተርኪው ደቅቆ ተከትፏል፣ ለ450 ግራም ማካሮኒ የገባው ሶስ ሁለት ኩባያ ብቻ ነበር። ሌላዋ ሶሱን አሳምራ ሠርታ ላዩ እንዲጠብስላት ብላ ሳትሸፍን አንድ ሰዓት ሙሉ ጋገረችው። ያሳዝናል!

ፓኬቱ ላይ ከተጻፈው የመቀቀያ ጊዜ 3 ደቂቃ ቀንሱ፤ አንዷን ስትነክሱ መሃሏ ላይ ነጭ ነጥብ ይታይ። ለ450 ግራም 5 ኩባያ ሶስ ያስፈልጋል፦ 5 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ ያንኑ ያህል ፉርኖ ዱቄት፣ 3 ኩባያ ወተት፣ 2 ኩባያ የተርኪ መረቅ። አጥንቱን እባካችሁ አትጣሉ፤ ከሽንኩርትና ካሮት ጋር ሁለት ሰዓት ይንተክተክ። ሥጋውን በእጃችሁ ወፈር ወፈር አድርጋችሁ ቦጫጭቁና መረቁ ውስጥ ነክራችሁ አዋህዱት። ትሪውን ዘንበል ስታደርጉት ሶሱ ወደ ጥጉ ወርዶ አንድ ጣት ያህል መጠራቀም አለበት፤ ካልተጠራቀመ መረቅ ጨምሩ። በፎይል ሸፍናችሁ በ375 ፋረንሃይት 25 ደቂቃ፣ ገልጣችሁ 10 ደቂቃ።

ቀድሞ ከደረቀባችሁ፣ ቦታ ቦታውን በሹካ ወግታችሁ አንድ ኩባያ ትኩስ መረቅ አፍስሱበት፣ ሸፍናችሁ 15 ደቂቃ መልሱት።

ሶሱ አሸዋ አሸዋ አለ።

ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚሸጠው ቺዝ ነው። እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ስታርች ስለሚነሰነስበት እንደሚገባው አይቀልጥም፤ ገንዘባችሁን አታባክኑበት። ሙሉውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ፈቅፍቁ፣ ሶሱን ከእሳት አውርዳችሁ ጨምሩ።

ጨው በዛ።

ተርኪው ጨው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ነበር። ሥጋው ከገባ በኋላ ሳትቀምሱ ጨው አትንኩ።

መረረ።

ላዩ ላይ የተነሰነሰው በርበሬ አሯል። ከቅቤው ጋር ቀድሞ ይቁላላ።

ጠረኑ ተቀየረ።

ጣሉት። ጠረኑ ባይቀየርም ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ቀን በላይ የቆየ ተርኪ አይበላም፤ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ደግሞ ጭራሽ። ከኦቨን በወጣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ለገና የምታቆዩ ጿሚዎች ወዲያውኑ ከነመረቁ ፍሪዘር አስገቡት፣ ስታቀልጡትም ፍሪጅ ውስጥ ይሁን። ስትጋግሩ የትሪው መሃል 165 ፋረንሃይት ይድረስ። የመስታወት ትሪ ከፍሪጅ አውጥታችሁ በቀጥታ የጋለ ኦቨን ውስጥ አትክተቱ፣ ይሰነጠቃል።